ማውረጃው በር ላይ ስላቆሙት የወንድሜ ፎቶ

ለክቡር የሐይቁ ጀልባና ዓሣ ማስገር ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የጀልባ ማውረጃው ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣ የዓመታዊው የቅዳሜና እሑድ ውድድር መሥራች፣ ወዳጆችዎ ፊት ለፊት እኛ ደግሞ ዘወር ሲሉ «አድሚራል» ለምንልዎ፤

ክቡርነትዎ ከነባለቤትዎ፣ ከነልጆችዎ፣ ከነውሻዎና ከነጀልባዎ እንደምን ሰነበቱ? የወገብዎ ሕመም ተሻለዎት? ድምፅዎስ ካለፈው የመክፈቻ ንግግር ወዲህ ተመለሰልዎት? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። በውድድርዎ ቀን የተውለበለቡትን ብርቱካንማ ባንዲራዎች የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ በመጠኑም ቢሆን የማኅበሩ ቤተሰብ ነኝ ብዬ አምናለሁ። ይበልጥ የሚያውቁኝ ግን በታላቅ ወንድሜ፣ በፀጉር አስተካካይዎ ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወንበሩ ላይ ተንጋለው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ጉሮሮዎን ሰጥተውት ስለ ራስዎ ሲያወሩለት፣ ምላጩን ይዞ አንድ ቀን እንኳ እጁ ያልሳተ ሰው ነበር። ይህ ጥንቁቅነቱ አንዳንዴ ሳስበው ያናድደኛል።

ደብዳቤዬ አንድ ነገር ለመለመን ብቻ ነው። ወንድሜ ባለፈው ዓመት በውድድርዎ ሌሊት ሐይቁ ውስጥ ከሞተ በኋላ ማውረጃው በር ላይ ያስቆሙትን፣ ፎቶው ያለበትንና ከሥሩ «ቡሽዎን ደፍነዋል? እኚህ ሰው ረስተው ነበር» የሚለውን ትልቅ ሰሌዳ፣ የዘንድሮው ወቅት ሳይከፈት እንዲያነሡልን ነው። ነገር ግን ክቡርነትዎ አጭር ንግግር እንደማይወዱ ስለማውቅ ምክንያቶቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መጎተቱ። በዚያ የውድድር ቀን ጀልባዎቻችን በተጎታች ተጭነው በጸጥታ ሐይቁ ዳር መድረስ ሲችሉ፣ እርስዎ በተለመደው አርቆ አሳቢነትዎ ጉዞው ሰልፍ እንዲሆን አዘዙ። ተጎታቹን ከመኪናው ጋር የሚይዘው የጥንቃቄ ሰንሰለት አስፋልቱ ላይ እየተንኳኳ የማርሽ ሙዚቃውን እንደሚረብሽ ስለደረሱበትም ሰንሰለቶቹ ሁሉ እንዲፈቱ አደረጉ። ሌላው ሰው ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በዝምታ አሰረው፤ ትእዛዝዎን ቃል በቃል የፈጸሙት እርስዎ ብቻ ነበሩ፣ መሪ ማለትም ይኸው ነው። አደባባዩ ላይ መኪናዎ ወደ ሐይቁ ታጠፈ፤ ጀልባዎ ግን ከነተጎታቹ ቀጥ ብሎ ፋርማሲ ገባ። እርስዎ ከኋላዎ አንድ ነገር ሳይኖር በመስኮት እጅዎን እያወዛወዙ እስከ ውኃው ዳር ተጓዙ። መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ፍቅር መስሎዎት ይበልጥ አወዛወዙ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ያን ያህል ሰው አስደስተው ስለማያውቁ በሕዝቡ ስም አመሰግንዎታለሁ።

ጀልባዎን ከፋርማሲው ደረጃ ላይ ያነሡት ወንድሜና የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባለቤቴ ናቸው። ወንድሜ በተሰበረው መስታወት የተቆጣችውን ፋርማሲስት በቀልድ አባብሎ፣ ስብርባሪውን ጠርጎ፣ ተጎታችዎን ከኋላ ከሚመጣ የወዳጅ መኪና ጋር አስይዞ አመጣልዎ። ጀልባዎ ደህና ነበር። የተጎዳው ከኋላ የተሰካው ቡሽ ብቻ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ቡሹ። ጀልባ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳና፣ እንዲህ ዓይነት ጀልባ ከኋላው ታችኛው ጥግ ላይ ቀዳዳ አለው። ከውኃ ሲወጣ የገባበትን ውኃ እንዲያፈስ ይከፈታል፤ ውኃ ሲገባ ደግሞ በቡሽ ይደፈናል። ቡሽ የሌለው ጀልባ ትልቅ ሳፋ ነው። እያንዳንዱ ባለ ጀልባ የገዛ ቀዳዳውን የሚያህል የራሱ ቡሽ አለው፤ ወንድሜም የእሱን አዲስ ገዝቶ አምጥቶልኝ፣ እንዳይጠፋበት እኔ በቡሹ አንገት ላይ ቀይ ክር ጠመጠምኩለት።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እርስዎ ንግግር ሲያደርጉ ሰዉ ሁሉ ጀልባውን እያወረደ ስለሄደ ንግግርዎን ለዳክዬዎች እንደጨረሱ አይዘነጋም። እንዲህ ያለ ንቀት እንዳይደገም ድንቅ መላ ፈጠሩ፤ የሁሉም ሰው ቡሽ በር ላይ ለዘበኛው ተሰጥቶ አንድ ባልዲ ውስጥ እንዲከተትና ንግግሩ ሲያልቅ እንዲመለስ አዘዙ። በዓለም ላይ አድማጮቹን በቡሽ ያገተ ተናጋሪ እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ንግግሩ ሲያበቃ ዘበኛው ቡሹን እንደ ከረሜላ ማደል ጀመረ። በእርግጥ ቅድሚያ ለሊቀ መንበሩ ነውና፣ እርስዎ የተሰነጠቀውን የራስዎን ትተው እጅዎን ባልዲው ውስጥ ከትተው ለቀዳዳዎ የሚሆን ሙሉና አዲስ መረጡ። ወንድሜ የእርስዎን ተጎታች ቦታ እያስያዘ ስለነበር የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ባልዲው ውስጥ አንድ ቡሽ ቀርቶ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይገምታል።

«ይሄ የኔ አይደለም፣ ኧረ ተሰንጥቋል» ቢለው ዘበኛው «ጋሼ፣ የቀረው እሱ ነው፣ እኔ ከየት ላምጣ» አለው። ወደ እርስዎ ሲመጣ ማይክሮፎኑን ገና ከእጅዎ አላስቀመጡም ነበርና፣ «ቡሽ ሁሉ ቡሽ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ሁሉን ነገር ማስተካከል ይወዳል፤ ወይ ግባ ወይ ቦታ ልቀቅ» ያሉት ሐይቁን አቋርጦ ተሰማ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ቡሹን በፌስታል ጠቅልሎ በመዶሻ እየመታ አስገባው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ በእኛ ሐይቅ የማሳሳቁን ሥራ የያዙት እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፤ ስለ ሌሊቱ ደኅንነት። ተወዳዳሪዎች መልሕቅ ጥለው ጀልባቸው ላይ እንዲያድሩ፣ ሁሉም ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት እንዲለብስ፣ የማኅበሩ የነፍስ አድን ጀልባም ሌሊቱን ሙሉ እንዲዞር የሚለውን መመሪያ የጻፉት ክቡርነትዎ ስለሆኑ አደንቃለሁ። ያማረ ጽሑፍ ነው። በአንድ ጀልባ ሊያድሩ የነበሩት ወንድሜና ባለቤቴ የራሳቸውን ላይፍ ጃኬት ይዘው ቢመጡ ቀለሙ ከባንዲራው ጋር አይሄድም ተብሎ በር ላይ ቀረ። በምትኩ የማኅበሩ ብርቱካንማ ታደለ፣ ሁሉም ለብሶ ፎቶ ተነሣ፣ ከፎቶው በኋላም ለከርሞ እንግዶች ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ ተመልሶ ተሰበሰበ። የማኅበሩ ላይፍ ጃኬቶች ሁሉ ከዚያ ሌሊት በሰላም ተርፈዋል፤ አንዱም አልረጠበ።

የነፍስ አድን ጀልባውም ቢሆን ሥራ አልፈታም ነበር። ባትሪው ተነቅሎ ለድምፅ ማጉያው አገልግሏል። መጀመሪያ ንግግርዎን ተሸከመ፤ ባትሪ ሰው አይደለምና አላማረረም። ከዚያ ሙዚቃውን ተሸከመ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ድንኳን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እርስዎ እየጨፈሩ ነበር፣ ጭፈራዎ ግን ከንግግርዎ ይሻላል። ባትሪው አልቆ ሙዚቃው ቀጥ ሲል ሁላችንም አጉረመረምን። በዚያ ዝምታ ነው የባለቤቴን ፊሽካ የሰማነው።

ለካ ሲነፋ ቆይቷል። ሮጠን የነፍስ አድን ጀልባው ላይ ወጣን፤ ቁልፉን ብናዞር ሞተሩ ጭጭ አለ። ባትሪው የት እንዳለ ያውቁ ነበር፣ ማን እንደጨረሰውም። በመቅዘፊያ የሄዱት ሰዎች ባለቤቴን የበረዶ ሣጥን አቅፎ አገኙት። ወንድሜ ተኝቶ ሳለ ነበር ጀልባዋ ከኋላዋ የሰመጠችው፤ ከብርድ ሊከልለው ከላይ የዘረጋው ሸራ ላዩ ላይ ተደፍቶበት መውጫ አጣ። ያንን ሸራ እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ነፋስ እንዳይቀደው ብዬ ሁለት ጊዜ ነው የደረብኩት። ስለዚህ ነገር የሚያሾፍ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ክቡርነትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በማግሥቱ ጀልባዎች ከውኃ ሲወጡ የእርስዎም ወጣ፤ ደረቅ፣ ውስጡ እንኳን ውኃ ጤዛ የሌለበት። እኔ የአንዲት የማላውቃት ሴት ኮት ደርቤ ከአጠገብዎ ቆሜ ነበር። ቡሽዎን ነቅለው ወደ ብርሃኑ አነሡና፣ ቀዩን ክር አይተው፣ «ይቺን ደግሞ ሚስቴ ለዕድል ብላ አስራልኝ ይሆናል» ብለው ፈገግ አሉ። ዕድልስ ሆነልዎት። የወንድሜ ጀልባ ተጎትታ ስትወጣ ደግሞ ቡሹ በቦታው ነበር፤ ግማሹ ማለቴ ነው፣ የእርስዎ፣ ፋርማሲው ደረጃ ላይ የተሰነጠቀው። ግማሹን ሐይቁ ወስዶታል።

አራተኛ፤ ስለ ፍርዱና ስለ ሰሌዳው። አደጋውን ያጣራው ኮሚቴ ሰብሳቢ እርስዎ፣ ጸሐፊው የሚስትዎ ወንድም፣ አባሉ ደመወዙን ከእጅዎ የሚቀበለው ዘበኛ መሆኑን ስሰማ እፎይ አልኩ፤ ነገሩን ከእናንተ አስበልጦ የሚያውቅ ማን አለ? ባለቤቴ ስለ ተሰነጠቀው ቡሽ ሊናገር ቢቀርብ፣ ድንጋጤ ላይ ስለሆነ ቃሉ አይያዝም ተባለ። ዘበኛው እኛን ሊያስተዛዝን ቤታችን ሲመጣ አለቀሰ፤ ኮሚቴው ፊት ግን አላለቀሰም፣ እንጀራው ነውና አልፈርድበትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና፣ ጥፋቱ የሞተው ሰው ላይ ተጫነ። ቡሽ መድፈን ረሳ ተባለ።

ሌላው ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊናገር ሲል እንኳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። እርስዎ ግን በቆርቆሮ ላይ በቀለም አስጽፈው፣ በብረት አስደግፈው፣ ለሌሊቱም መብራት አደረጉለት። በነገራችን ላይ የሰሌዳው መብራት አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ የራሱ ባትሪ አለው። ፎቶውም ያማረ ነው። ወንድሜ በዚያ መልሰው በወሰዱበት ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት እየሳቀ ነው።

የወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ መንገድ ነው። ክፍሏ ያሉ ልጆች ስሟን ትተው «ረስተው ነበር» ነው የሚሏት። መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቃትና መልሱ ሲጠፋት ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ረስተው ነበር!» ይላል። እቤት ስትገባ ቧንቧውን ዘግታ፣ ተመልሳ ታየዋለች፤ በሩን ቆልፋ፣ ተመልሳ ትነካዋለች፤ አልጋዋ ላይ ከወጣች በኋላ ደግሞ እንደገና ትነሣለች። አንድ ቀን «አክስቴ፣ እኔም እንደ አባዬ እረሳ ይሆን?» አለችኝ። ክቡር ሊቀ መንበር፣ የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ ይህቺ ልጅ ግን በሕይወት አለች። እኔ ካሳ አልጠየቅሁም፣ ክስም አልመሠረትኩም፣ ቡሹንም መልሱ አላልኩም፤ እንደተመቸዎ ይንሳፈፉበት። የምለምነው ያቺ ልጅ አባቷ ዝንጉ እንዳልነበረ እያወቀች እንድታድግ ብቻ ነው። ለዚህም አንድ ሰው፣ አንድ መፍቻና አራት ብሎን መፍታት ይበቃል። መፍቻ ከሌለዎት እኔ አለኝ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ላሳጠሩት ዕድሜና ላስረዘሙት ንግግር፣ ለባንዲራው ስፌት በወቅቱ ስላመሰገኑኝና ቀብሩ ላይ ከሁሉ ቀድመው ስለተቀመጡ፣ በቤተሰባችን ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ ይህ ሁሉ ከእርስዎ ጋር ብዙ ዓመት አብሮ ይኖር ዘንድ።

የባንዲራዎ ሰፊ፣ የፀጉር አስተካካይዎ ታናሽ እህት፣
ፀጉርዎ አሁን የት እንደሚቆረጥ ሁልጊዜ የምታስብልዎ

ተጨማሪ ቃል፤ ያ ፎቶ ሲነሣ ከወንድሜ አጠገብ ቆመው የነበሩት እርስዎ ነዎት። ሰሌዳው ሲሠራ ራስዎን ቆርጠው እንዳወጡ ይታያል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ቸኩሎ ኖሮ እጅዎ ወንድሜ ትከሻ ላይ እስከ አንጓው ቀርቷል፤ ከነትልቁ የማኅበር ቀለበትዎ። ልጅቷ ባለፈው ሰሞን «ይሄ አባዬን የያዘው እጅ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እሷም ለክፍሏ ልጆች ነገረች። እንግዲህ በመክፈቻው ቀን ማይክሮፎኑን ጨብጠው ሲቆሙ፣ ልጆቹ ሁሉ ፊትዎን ትተው እጅዎን ቢያዩ አይደነቁ።