የባቄላዬ ነጠብጣብና የደምሴ ክስ

ጥቅምት 20፣ ከጧቱ 1፡30

ደብተሬ ሆይ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥና አዳምጥ። ነጯ ድመት ሦስት ዓመት ከተኛችበት ከእኔ ወንበር ወርዳ ወደ ባለቤቴ ወደ ጥሩዬ ወገን መሻገሯን በታላቅ ኀዘን አሳውቃለሁ። ምክንያቱ ወተት ነው ተብሏል። እኔ ጉቦ እለዋለሁ።

ሌላ ወሬ። ባቄላው ታሟል። ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ጥቃቅን ነጠብጣብ። ሳይደርስም ይረግፋል። ከአስተማሪነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ተማሪዬ እሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ደምሴ ለስንዴው የዋግ መድኃኒት ረጭቷል። በመካከላችን ያለው አንድ ቦይ ነው። ሽታው አልጋዬ ድረስ መጥቶ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ጥፋተኛው ተገኘ።

ጥቅ. 22፣ ከሰዓት

ለደምሴ ነገርሁት። “አያ ጌትነት፣ ነፋስ በሌለበት ጧት ነው የረጨሁት፤ ከባቄላዎ ምን አገናኘኝ?” አለ። ነፋሱን ከበሬዎችህ ጋር አስረኸው ነበር ወይ አልሁት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

ጥቅ. 27፣ መድኃኔዓለም

ከቤ/ክ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ደምሴ መርጨቱን አመነ፤ ወደ እኔ መድረሱን ካደ። ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። ሽታውን ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ይቅርታ በል አሉት። ያላጠፋሁትን አልልም ብሎ ተነሣ።

ነገሩ ከበደ። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የደምሴ ነው። ተጣልተን ከአንድ ጽዋ መጠጣት አይፈቀድልንም። እስከ ኅዳር 11 ካልታረቅን ድግሱ ወደ ሌላ ቤት ይዞራል ተባለ። ዓመት ሙሉ የጠበቀው ተራ ነው።

አስፈርጄበት መጣሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 3፣ ጧት

የልጅ ልጄ ብዙአየሁ ከደብረ ማርቆስ መጣች። እዚያ የእህል በሽታ ታጠናለች። እናቷ የላከችውን ስኳር ሳታስረክብ ማሳ ገባች። ቅጠል ቀጥፋ በአጉሊ መነጽር ታያለች። በሽታ ቢሆን ጀርባውንም ይይዝ ነበር፤ ይህ ከላይ ብቻ ነው፣ ጅማቱ አረንጓዴ ነው አለች። አንዱን ቅጠል ሌላው ሸፍኖት ነበር፤ ገለጠችው። የተሸፈነው ንጹሕ፣ ፀሐይ ያገኘው ነጠብጣብ። እኔ በየቀኑ እያየሁት አላየሁትም።

ኦዞን ይመስላል አለች። የመኪና ጭስ፣ የከሰልና የገለባ ጭስ ፀሐይ ስታበስለው የሚፈጠር፣ የማይታይ አየር። ከመንገድ ዳር ይልቅ ራቅ ብሎ ሊበረታ ይችላል፤ ነፋስ ያመጣዋል። ኦዞን ይጠብቀናል ሲል ሬዲዮ ሰምቻለሁ ብዬ ተሟገትሁ። ያ ከላይ ያለው ነው አለችኝ፤ ታች ያለው ቅጠል ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል። ገባኝ። ልክ እንደ ማኅበራችን መሪ፤ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ ደግ፣ ጎንህ ሲቀመጥ መከራ።

ቅጠሉ ፍሬውን መመገብ ትቶ ራሱን ያስታምማል አለች። ፍሬው የሚያንሰው ለዚያ ነው። አየሩን ሳትለካ መቶ በመቶ አትልም። የደምሴ መድኃኒት አለመሆኑን ግን ትምላለች።

“ሽታውስ አባባ?” አለችኝ። ስኳሩ የት አለ አልኋት።

ኅዳር 4

ብዙአየሁ ደምሴን አስፈቅዳ ጓሮውን አየች። የራሱ ባቄላ ከእኔ ብሷል። መድኃኒት ያልደረሰበት፣ ከቤቱ ጀርባ ያለው! ደምሴ ራሱ አላስተዋለም ነበር። እኔን መጥላት ሥራ ሆኖበት ይሆናል። ከቀትር በኋላ ወደ ከተማ ተመለሰች።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት

የሚከሰስ አጣሁ። ፀሐይን ልክሰስ? ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። የመኪናውን ሁሉ ሾፌር? አምበር ከተማ አስፋልቱ ላይ ቆሜ እጄን ብዘረጋ ሊሳፈር ነው ብለው ይቆሙልኛል እንጂ።

ጥቂት እሸት ፈለፈልሁ። ሦስት በሚሆንበት ሁለት ፍሬ፣ አንዱም ጨምዳዳ።

የደምሴን ሚስት የሺን መንገድ ላይ አገኘኋት። ካልታረቅን የጠነሰሰችውን ጠላ ኅዳር 11 ድግሱ ለሚዞርበት ቤት ልታስረክብ ነው። ጎንበስ ብላ እንዴት ዋሉ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥሩዬ የልጅቱን ቃል ለሽማግሌዎቹ ንገር ትላለች። ነገሩ እሱ አይደለም። ሽታውን ይጠይቁኛል። “ታዲያ ሸቷል ብለህ የለ፤ ምን ያስፈራሃል?” አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አርባ ዓመት አብረን ኖረናል። ወጥቼ ከብት አየሁ። ከብቶቹ ደኅና ናቸው።

ኅዳር 11፣ ከጧቱ 12፡30

እንቅልፍ የለም። ነገ ሚካኤል ነው። ጥሩዬ ጋቢዬን በር ላይ ሰቅላልኛለች።

ወሰንሁ። መጀመሪያ ደምሴ ቤት። ተራው ሲደርስ ለልጆቹ አዲስ ልብስ ገዝቶ ነበር አሉ። እግሩ ላይ ልውደቅ ብል አይፈቅድልኝም፤ ጉልበቴም ከወደቀ አይነሣም። ቆሜ እነግረዋለሁ። ከዚያ እሱን ይዤ ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች። ጠላው ከየሺ ቤት እንዳይወጣ ፀሐይ ሳትበረታ መድረስ አለብኝ።

የምላቸውን ባንተ ላይ ልለማመድ ደብተሬ፤ አንተንም ዋሽቼሃለሁና። ነጠብጣቡ እውነት ነው። መርጨቱም እውነት ነው። ሽታ ግን አልሸተተኝም። ክሴ ቀጭን መሰለኝና ጨመርሁት። ከሐምሌው ጉንፋን ወዲህ እንኳን መድኃኒት፣ አፍንጫዬ ሥር የሚቆላ በርበሬ አይሸተኝም።