ስለ ባለባቡሩ ያልጨረስነው ክርክር

ይድረስ ለምወድህና ዛሬም ለምከራከርህ አባዬ፣

ከተለያየን ስምንት ወር ሞላን። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳን ብዕር አላነሳሁልህም። ሐዘኑ ከብዶኝ ነው ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ስንፍናም አለበት። አሁን የምጽፍልህ ግራ ስለገባኝ ነው። ድሮ ግራ ሲገባኝ ወደ አንተ ነበር የምመጣው፤ አሁን ግራ ያጋባኸኝ አንተው ራስህ ስለሆንክ ማን ጋ እንደምሄድ አላውቅም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። ከሶላት በኋላ ዱዓ ሳታደርግልህ አትነሳም፤ ከተነሳች በኋላ ደግሞ ጣሪያውን ሳያስጠግንልኝ ሄደ እያለች ጥፋትህን ትቆጥራለች። ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ የነበረችውን ቪዲዮ ቤትህን ወንድሜ ነስሩ የሞባይል መሸፈኛና ቻርጀር መሸጫ አደረጋት። እንዳትቆጣው። ሰው ሁሉ በስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ አንተም የምትከፍታት አቧራዋን ለመጥረግ ብቻ ነበር። ጥቁሩ መጋረጃ ወርዷል። ከአግዳሚዎቹ ሁለቱ ግቢያችን ውስጥ ናቸው፣ እማዬ በርበሬ ታሰጣባቸዋለች። ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበት መደርደሪያ ሲነቀል ግድግዳው ላይ የቀሩትን አራት ቀዳዳዎች ግን ነስሩ አልደፈናቸውም። ለምን ብዬ ብጠይቀው ሲሚንቶ የለኝም አለኝ፤ ሲሚንቶ ግን ከጎኑ ያለው ሱቅ ይሸጣል።

እኔ አሁንም ሲ.ኤም.ሲ ነኝ። አሁንም አላገባሁም፤ ይህን ነገር እዚያም ሆነህ እንዳታነሳብኝ።

እሁድ እሁድ ጠዋት ወደ እንጦጦ መውጣቱን አልተውኩም። ጉልበትህ መድከሙ እንዳይታወቅብህ ከተማውን የምታይ እየመሰልክ የምትቆምበት ድንጋይ አለ አይደል፣ እሱ ላይ እቀመጣለሁ። እዚያ ድንጋይ ላይ ስንቱን ዳይሬክተር ሰቅለን ስንቱን አወረድን! ዓለም ያጨበጨበላቸውን ሰዎች ስማቸውን እንኳን በወጉ መጥራት አቅቶን እኛው ስም አወጣንላቸው። ዝናብ ሳያዘንብ ፊልም የማይጨርሰው ባለዝናቡ፣ ማሳጠር የሚባል ነገር የማያውቀው ሦስት ሰዓቱ። ባለዝናቡ አጉል የተካበ ነው፣ ዝናቡ ቢቆም ምንም አይተርፈውም ትለኝ ነበር፤ እኔም እሺ እልሃለሁ። ሦስት ሰዓቱን ደግሞ እኔ ስጥለው አንተ ታነሳዋለህ፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ ረጅም ፊልም ይወዳል የምትል ሰው ነህና። በአንድ ሰው ብቻ ሃያ ዓመት ሙሉ መስማማት አቃተን። በባለባቡሩ።

አንተና ባለባቡሩ የተጣላችሁበትን ምክንያት አልረሳሁትም። ሦስት ካሴቶቹን የገዛኸው ሽፋናቸው ላይ ባቡር አይተህ የባቡር ዝርፊያ መስለውህ ነው። ስትከፍታቸው ዘራፊ የለም፣ ሽጉጥ የለም። ያለው አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ልጅ እና በጊዜው የማይመጣ ባቡር ነው። ሰውዬው አታለለኝ ብለህ ቂም ያዝክበት። ቢሆንም ካሴቶቹ አንዴ ተገዝተዋልና ታሳያቸው ነበር፤ እንደማንኛውም ፊልም ድምፁን ትቀንስና የቴሌቪዥኑን የታች ጠርዝ በወገብህ ከልለህ ቆመህ በአማርኛ ትተረጉማለህ። ለሽማግሌው የሽማግሌ፣ ለልጅቷ የልጅ ድምፅ ታወጣለህ፤ ሻንጣቸውን በጉልበታቸው መሀል ያቀፉት መንገደኞች ሲስቁ አንተ አትስቅም። እኔ የፊተኛው አግዳሚ ላይ አፌን ከፍቼ እሰማሃለሁ። ባለባቡሩን የወደድኩት እዚያ ነው። በተለይ ንግግሩን፤ ሽማግሌው ስለ ሟች ሚስቱ ማውራቱን፣ ጎረቤቱን ማማቱን፣ ድመቱን ቁጭ አድርጎ መምከሩን። ሰው እንዲህ አድርጎ ማናገር የሚችል ዳይሬክተር የለም እያልኩ ስንት ዓመት እንደነዘነዝኩህ አንተው ታውቃለህ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ እማዬ ታማ ስለነበር ለአንድ ዓመት ደሴ፣ አክስቴ ጋ ልትልኩኝ ወሰናችሁ። የምሄደው ነገ ሆኖ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሦስቱ የባለባቡሩ ፊልሞች አንዱን አሳየህ። መጨረሻው ላይ ሽማግሌው ልጁን ባቡር ሊያሳፍር ይመጣል። ልጅቷ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳርፋ ትቆማለች፣ አልሄድም ልትል ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌው «ዞር አትበይ፤ ከኋላሽ ያለሁት እኔ ነኝ» አላት። ደሴ አንድ ዓመት የቆየሁት በዚያ ቃል ነው አባዬ። አክስቴ ስትቆጣኝ፣ እማዬ የባሰባት ሲመስለኝ፣ እሱን ለራሴ እደግመው ነበር። ይህን የተናገረ ሰው አጉል የተካበ ነው ስትለኝ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንተ መናኸሪያ ስትሸኘኝ ያልከኝ ግን ሌላ ነው። በአውቶቡሱ መስኮት ቀና ብለህ «ትኬትሽን ይዘሻል?» አልከኝ። ሌላ ምንም አልጨመርክም። የፊልሙ አባት ያንን የመሰለ ነገር ተናግሮ የእኔው ስለ ትኬት ይጠይቀኛል ብዬ አኮረፍኩ። ፊቴን አዞርኩ እንጂ አልመለስኩልህም። ከዚያ በኋላም ብነግርህ ትስቅብኛለህ ብዬ ዝም አልኩ።

ሆስፒታል የመጨረሻው ሳምንት ላይ፣ መናገር ሲያቅትህ፣ ያንን ቃል መለስኩልህ። እጅህን ይዤ በጆሮህ «ዞር አትበል አባዬ፤ ከኋላህ ያለሁት እኔ ነኝ» አልኩህ። ዓይንህን ጨፍነህ ፈገግ አልክ፤ ፈገግታህ ቶሎ አልጠፋም። እኔም ባለባቡሩን በመጨረሻ ተቀበለው፣ ረታሁት አልኩ። ለቅሶ ለደረሰው ሰው ሁሉ ይህንኑ ሳወራ ሰነበትኩ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ሲ.ኤም.ሲ ውስጥ በየወሩ ተሰብስበን ስለ ፊልም የምንጨቃጨቅ ጥቂት ሰዎች አለን። የዚህ ወር ርዕስ «አጉል የተካቡ ዳይሬክተሮች» ሆነ፤ አንተ ብትኖር ከሁሉ ቀድመህ ትገኝ ነበር። አንዱ ባለባቡሩን ከሁሉም በላይ አስቀመጠው። እኔም ዘልዬ እጄን አወጣሁ፣ እከራከርለታለሁ አልኩ። ፊልሙን በቃሌ ስለማውቀው በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ደግሜ አላየሁትም። ለማንኛውም ብዬ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሬን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ትርጉሙ ከታች በጽሑፍ ይወጣል።

አባዬ፣ ያ ሁሉ ንግግር የት ሄደ? ሽማግሌው አይናገርም እኮ! ግማሽ ሰዓት አይቼ የሰማሁት አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ሟች ሚስቱ የሚያወራው የለም። ጎረቤቱን የሚያማው የለም። ድመቷ አለች፣ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አይመክራትም። መጀመሪያ የተሳሳተ ፊልም የከፈትኩ መስሎኝ ስሙን ደግሜ አየሁ። ራሱ ነው። ከዚያ መጨረሻው ደረሰ። ልጅቷ እግሯን ደረጃው ላይ አሳረፈች፣ ሽማግሌው ቀና አለ፣ ከታች ጽሑፉ ወጣ። «ትኬትሽን ይዘሻል?»

አቁሜ መልሼ አየሁት። አምስት ጊዜ ሳልመልሰው አልቀረሁም። ከዚያ ሌላ ምንም አይልም።

መጀመሪያ ተናደድኩብህ፣ አልደብቅህም። ከታች የሚሄደውን እንግሊዝኛ በወገብህ ከልለህ ትቆም የነበረው ለዚህ ነው ማለት ነው። እማዬ ጋ ሄጄ አባዬ እንግሊዝኛ ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው፣ መዝገበ ቃላት ግን ከእጁ አይለይም ነበር አለችኝ። ሌላ ነገርም ጨመረችልኝ። ቤቱ ለደንበኛ ሳይከፈት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ያንኑ የባቡር ፊልም ብቻህን ታየው ነበር አሉ። ካልወደድከው ለምን ታየዋለህ ስትልህ ድክመቱን እየፈለግኩ ነው ትላታለህ። ምን ዓይነት ድክመት ነው በየጠዋቱ የሚፈለግ?

ከእማዬ ወጥቼ ጋሽ ከድር ጋ ሄድኩ። ያው እንደምታውቃቸው ናቸው፤ አውቶቡስ መንዳቱን ትተው ጡረታ ቢወጡም ከመናኸሪያው አይጠፉም። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ለልጁ ምን ይላታል ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድም ሳያስቡ «አይዞሽ ልጄ፣ ይሄ ሾፌር ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው» ይላታል አሉኝ። ኮራ ብለው ነው የነገሩኝ። የሾፌርን ልፋት የሚያውቅ ዳይሬክተር እሱን ብቻ አየሁ አሉ፣ አባትሽ ግን ያለ ምክንያት ይጠላው ነበር ብለውም ታዘቡህ። እንደዚያ አይልም ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። እሳቸው ፊልሙን ያዩት አግዳሚው በሾፌር በሞላበት ቀን ነው።

ታዲያ እኔ ባየሁበት ቀን ከፊት የተቀመጠው ማን ነበር? እኔ ነኛ። ነገ የምሄደው እኔ።

ይህን ካሰብኩ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ዞረብኝ። ያለፈው እሁድ እንጦጦ ድንጋይህ ላይ ተቀምጬ ባህር ዛፉን እያየሁ ጠዋቱን ሙሉ ብቻዬን ተከራከርኩ። ለእኔ ልትለኝ የፈለግከውን በራስህ አፍ ማለት አቅቶህ በሽማግሌው አፍ አልከኝ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ምናልባት መንገደኛው ሰልችቶት እንዳይወጣ የመጣልህን ነው የተናገርከው እላለሁ፤ እኔ መቀመጤንም አላየህ ይሆናል። ግን አላየኝም ብዬ ማመን አልችልም፤ አግዳሚውን የጠረግክልኝ አንተ ነህ። መናኸሪያው ላይስ? የራስህን ቃል ፊልሙ ላይ ጨርሰህ ለእኔ የሰውዬውን ቃል ይዘህ መጣህ? ወይስ ልጁን አውቶቡስ የሚያሳፍር አባት ሁሉ የሚጠይቀውን ነው የጠየቅከኝ?

ባለባቡሩስ አሁን ምን ይሁን? የወደድኩት ንግግር ያንተ ከነበረ አንተ ረተሃል፤ ሰውዬው አጉል የተካበ ነው፣ የካብኩትም እኔ ነኝ፣ ባንተ ድንጋይ። ግን ደግሞ ያ ሽማግሌ ስለ ትኬቱ ሲጠይቃት፣ እጁ ባቡሩን ይዞ ልቀቅ ሲባል እንደማይለቅ ሳየው፣ ሲ.ኤም.ሲ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ያኮረፍኩበት ጥያቄ ነው እኮ። እንደዚህ ያስለቀሰኝን ሰው እንዴት ብዬ ልጣለው? አንተስ አጉል የተካበ እያልክ ከእሱ ለምን ተዋስክ? ሆስፒታል ላይ ፈገግ ያልከውስ በምን ነበር? ያንተን ቃል የሌላ ሰው አድርጌ ስመልስልህ ነው አይደል የሳቅክብኝ? ሳቅክብኝ ወይስ ደስ አለህ? እንዲያ ጉድ ሰርተኸኝ ሳትነግረኝ መሄድህ አሁንም ያናድደኛል። ናፍቆትህም ከንዴቱ ጋር ተደባልቆ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቶኛል።

ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፣ ስብሰባው። ባለባቡሩን የሚደግፍ አንድ ንግግር፣ የሚጥለው ሌላ ንግግር ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኳቸው። ተነስቼ እውነቱን ከመናገር ሌላ መንገድ አልታየኝም። ይህን ዳይሬክተር ዕድሜዬን ሙሉ ሳደንቅ የኖርኩት በአባቴ አንደበት ነው፤ ምን ያህሉ የእሱ፣ ምን ያህሉ የአባቴ እንደነበር ለይቼ አላውቅም እላቸዋለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሃለሁ። ጋሽ ከድር የነገሩኝን በደብተር ጽፌዋለሁ። መናኸሪያው ውስጥ ከቀሩት ሸክም አመላላሾች፣ ከትኬት ቆራጮቹ፣ ያንተን አግዳሚ ከሚያስታውስ ሰው ሁሉ ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ እየጠየቅኩ እጽፋለሁ። ለእያንዳንዱ ምን ብለህ እንደሰጠኸው ማወቅ እፈልጋለሁ። ስምህ አንድም ፊልም ላይ አልወጣም፤ እኔ ጋ ግን ይቀመጣል፣ ድምፅህም፣ ቆመህ የምትከልለው ያ ጽሑፍም። ነስሩንም አራቱን ቀዳዳዎች እንዳትደፍናቸው እለዋለሁ።

ሌላው ጥያቄዬ ሁሉ መልስ እንደማይመጣለት አውቃለሁ። አንተ የጠየቅከኝ ግን አንድ አለ፤ አኩርፌ ፊቴን ያዞርኩበት። አውቶቡሱ ሲነሳ ከኋላ ቆመህ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

አዎ አባዬ፣ ትኬቴን ይዣለሁ።

ልጅህ ሀያት