ግራ ዓይኔ ይቆይ

አሰላ፣ ጥር 23 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገብረ መድህን፣ አስመራ። ሰላምታዬ ካለህበት ደርሶ በጤናና በደስታ ያግኝህ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ገብሱም ተወቅቶ ገብቷል።

እንደምታውቀው ወደ ውስጥ እያደገ የሚወጋኝን የዓይኔን ሽፋሽፍት በወረንጦ የምትነቅልልኝ እህትህ ፅጌረዳ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ ፊቴን ለሌላ ሰው መስጠት አልሆነልኝም። ስለዚህ የቀኝ ዓይኔን ቆብ ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ያምርብሻል ብለውኝ ነበር፤ ስፌቱ ሲወጣ ግን ቆቡ ወደ ላይ ተሰብስቦ ቀረ። ስተኛም አይከደንም።

ባለሱቁ ሙህዲን፣ «እትዬ ብርቄ፣ አንዱ ዓይንዎ ይቆጣኛል፣ አንዱ ይስቅልኛል፤ ዋጋውን ለየትኛው ልንገር?» አለኝ።

«ለሚቆጣው ንገር!» ስለው ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መልኩን ለምጄዋለሁ።

ዘንድሮ የጭላሎ ጉም ቀኑን ሙሉ አይነሳም። በግራ ዓይኔ ብቻ ሳይ ግን ቶሎ ይገፈፋል።

ሐኪሙ ግራውንም ቶሎ እንሥራው ይላል። እኔ የምፈራ ሰው አይደለሁም፤ እሺ ብዬዋለሁ። ብቻ ልጄ ለፋሲካ ይመጣል፣ ፊቱን ጠግቤ ልየውና በማግስቱ እመጣለሁ አልኩት። እስከዚያው የፅጌረዳን ወረንጦ ለጎረቤታችን ለሙሉዬ ሰጥቻታለሁ። እጇ ከባድ ነው፤ ቢሆንም እችለዋለሁ።

ፋሲካ ሩቅ አይደለም። ፈቃድህን ከአሁኑ ጠይቅ፤ ስትመጣም በቀን ግባ። የእህትህ አምላክ በመንገድህ ሁሉ ይከተልህ።

አንተን በመጠበቅ ላይ ያለሁ እናትህ ብርቄ