እግሩ የረዘመው መፍተያ

ሐሙስ፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

መንግሥት ለምርምር በሰጠን ገንዘብ የሠራነውን የሱፍ መፍተያ ዛሬ ፒያሳ ወርክሾፓችን ውስጥ እማማ አስካለ ሞከሩት። ከመንዝ ለዚሁ ያስመጣናቸው ፈታይ ናቸው። መንዝ ሱፉን በጥሬው መሸጡ ቀርቶ በክሩ እንዲያልፍለት ነበር ሐሳባችን። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው መሬት ቁጭ አሉ፤ መዘውሩ ከራሳቸው በላይ ሆነ። ለካ የሠራነው ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው!

«እግሩን ቁረጠው እንጂ ልጄ፤ እንጨት እኮ ነው» አሉኝ።

እንጨትስ እንጨት ነው፤ ንድፉ ላይ ግን የአጽዳቂው ኮሚቴ ማኅተም አርፎበታል። ነገ ኮሚቴው ሊያይ ይመጣል። የጸደቀውን ብቆርጥ አሻጥር፣ የማይሠራውን ባስረክብም አሻጥር ነው የሚባለው። ባልደረባችን መኮንን ባለፈው ወር በዚሁ ቃል ተወስዶ ወንበሩ አሁንም ባዶ ነው።

ስወጣ መጋዙን ካፖርቴ ሥር ደብቄ ይዤው ቤቴ መጣሁ። እንዳልቆርጥ ይሁን ነገ እነሱ ሳይመጡ ማልጄ ልቆርጥ፣ እንጃ።