ስድሳ ሦስት ጊዜ «ተሸኙ»

ነቀምቴ፣ መጋቢት 3 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዓምደሚካኤል፣
የቀበሌያችን ሊቀ መንበርና የ«ንቁ ተማሪ» ጋዜጣ የበላይ ተቆጣጣሪ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የማያልቅ፣ እንቅልፍዎም እንደ እኔ ያልጎደለ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ የትምህርት ቤቱን ጋዜጣ ለአሥራ ሁለት ዓመት በስቴንስል ስተይብ የኖርኩት የሺአረግ ነኝ። የካቲት 20 ቀን በላኩልኝ ደብዳቤ «ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ በቤትዎ የተደበቀውን ልጅዎን ዋጋሪን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያስረክቡ፤ አለዚያ በእሱ ምትክ ይታሰራሉ» ስላሉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጄ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ከሦስት ዓመት በላይ ስፈልግ፣ እቤቴ መኖሩን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። እናት ነኝና አልጋ ሥር ሳይቀር ፈለግኩት፤ የለም።

ስለዚህ ወደማውቀው ወደ ጽሑፍ ሄድኩ። የቆዩት እትሞች ከቤተ መጻሕፍት ወጥተው ለሱቆች መጠቅለያ እንዲሆኑ ባለፈው ወር ስላዘዙ፣ ባለሱቁ ጋሽ ገብረወልድ ዘንድ ከጨውና ከበርበሬ መሃል ተቀምጬ ሁሉንም አነበብኩ። እሳቸውም ነገሩ ሲገባቸው ወረቀቱን ትተው ዕቃቸውን በኮባ ቅጠል መጠቅለል ጀምረዋል። ያገኘሁትን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ «ተሸኙ» የሚለው ቃል ስድሳ ሦስት ጊዜ ታትሟል። ለመሠረተ ትምህርት ተሸኙ፣ ለቡና ለቀማ ተሸኙ፣ ለሰፋሪዎች ጎጆ ሥራ ተሸኙ፣ ለግንባር ተሸኙ፤ ሁልጊዜም «በደማቅ ሁኔታ»።

2ኛ/ መመለስ የተጻፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ አርጆ ሄዶ አራት ለባዶ የተሸነፈው የእግር ኳስ ቡድናችን ተመለሰ፤ አንዴ ደግሞ ከሲሬ የተዋስነው የኳስ መንፊያ ለባለቤቱ ተመለሰ። ለመንፊያው ያደረጉት ጥንቃቄ ያስቀናኛል።

3ኛ/ የጥቅምት 1980 እትም፣ ገጽ ሁለት፤ በርበሬ ነክቶታል፣ ግን ይነበባል። «ሃያ አራት ወጣቶች ጓድ ዓምደሚካኤል ንግግር ካደረጉላቸው በኋላ በደማቅ ሁኔታ ተሸኙ።» ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ዋጋሪ ጉሉማ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። ከትምህርት ቤቱ በር ታፍሶ መኪና ላይ ሲጫን አጠገቡ የቆሙት እርስዎ ነበሩ። ጎረቤታችን አዴ ድርቤ መኪናውን ይዘው «ነጋን ዴቢኢ፣ ያ ኢልማ ኮ»፣ በሰላም ተመለስ ልጄ፣ እያሉ ሲጮኹ ሰምቼ በዜናው ውስጥ ባስገባው፣ «ለጋዜጣ አይመጥንም» ብለው በቀይ እስክሪብቶ የሰረዙትም እርስዎ ነዎት። በእኛ አገር መሸኘት ማለት ይኸው ምርቃት ነው፤ እርስዎ ምርቃቱን ሰርዘው መኪናውን ብቻ አስቀሩልን። እኔም፣ እጄን ይቁረጠውና፣ የልጄን ስም ከነተራ ቁጥሩ ተየብኩ። ለዚህ ራሴን ይቅር አላልኩም፤ ለእርስዎማ ይቅርታውን ከየት አምጥቼ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልጅ የማስረከብ ተራው የእርስዎ ነው። እኔ በሰው ፊት፣ በጋዜጣ፣ በተራ ቁጥር አስረክቤያለሁ። ሞቶም ከሆነ ይንገሩኝና ላልቅስ፤ ሸሸ እየተባለ ለቅሶ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ድንኳን የሚተክልልኝም የለም። ልታሰርም ዝግጁ ነኝ፤ ነጠላዬን አጥቤአለሁ።

ንግግርዎን ያለ አንድ ፊደል ግድፈት ስተይብ የኖርኩ፣ ስለ እርስዎ የምተይበው አንድ ዜና ብቻ የቀረኝ፣
የዋጋሪ እናት የሺአረግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገጽ ሁለትን በአዲስ ስቴንስል ተይቤ ሦስት መቶ ቅጂ አባዝቻለሁ፤ መጠቅለያ እንዲሆን ባዘዙት መሠረት ከነቀምቴ እስከ ኡኬና ሲሬ ባሉ ሱቆች ጨው እየተጠቀለለበት ነው። የቀረችኝን ዜናም አዘጋጅቼ አስቀምጫለሁ፦ «ጓድ ዓምደሚካኤል በደማቅ ሁኔታ ተሸኙ።» ቀኑን ብቻ ባዶ ትቼዋለሁ።