ታብሌቱ፣ እማ እና ማርታ

ማክሰኞ

ዛሬም ጠየቀኝ። «የስርዓት ዝማኔ አለ። አሁን ይጫን?» ከሥሩ ሁለት ምርጫ፦ አሁን፣ በኋላ። በኋላን ነካሁ። ዝማኔ የሚለውን ቃል ከዚህ ታብሌት በቀር ሲናገረው የሰማሁት ፍጡር የለም። ወራት ሙሉ እንዲህ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። እሱ አሁን ይላል፣ እኔ በኋላ እላለሁ። ከሥራ ስገባ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ጭቅጭቁን አልጠላሁትም።

ዛሬ ግን ሌላ ነገር ጨመረ። በቪዲዮ የምደውልበት መተግበሪያ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ በዚህ አሮጌ ሲስተም ላይ አይሠራም። ወይ አዘምኚው ወይ ተዪው ነው ነገሩ።

በቅጡ ልጻፈው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር አይጠራልኝም።

ታብሌቱ ቤት ለቤት መጠይቅ አስሞላበት የነበረው ፕሮጀክት ሲዘጋ ለእኛ ለሠራተኞቹ የተተወልን ነው። አንድ ጥጉ ተሰንጥቋል። ስልኬ መናኸሪያ ግርግር ውስጥ ከተሰረቀ ወዲህ የቀረችኝ ባለ ቁልፏ ስልክ ናት፤ እማን የማያት በታብሌቱ ብቻ ነው። እሑድ እኩለ ቀን ላይ እኔ ከአርባ ምንጭ መናኸሪያ የትኬት መስኮቴ ስወጣ፣ እሷ አገር ቤት ገረሴ ከቸርች ትወጣለች። የወንድሜ ሚስት አስቴር ስልኳን ትይዝላታለች። እማ ጋቢዋን ደርባ ግቢው ውስጥ ትቆማለች፤ ከኋላዋ ሰው ሲሳሳም ይታየኛል።

እኔ ግን አልታያትም። መተግበሪያው ራሱን ከቀየረ ወዲህ የእኔ ካሜራ በጥሪ ጊዜ አይከፈትም። እሷ ዘንድ የሚታየው ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ጥቁሩን እያየች ታወራኛለች።

እውነቱን ለመናገር ይህ በጅቶኛል። ምክንያቱም ማርታ የለችም።

ማርታ አብራኝ የምትኖር ልጅ ናት። የካምባ ልጅ፣ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ፣ መዘምር፣ ስትተኛ የምታንኮራፋ። አብራኝ ትኖር የነበረችው ትዕግሥት አግብታ ከዚህ ቤት የወጣች ሰሞን እማ «አሁን ከማን ጋር ትበያለሽ?» አለችኝ። አጠያየቋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። በላሽ ወይ አትልም፤ ከማን ጋር በላሽ ነው የምትለው። ብቻዬን ማለት አቃተኝ። አፌ «ማርታ የምትባል ልጅ ገብታለች» አለ። ከዚያ ወዲህ ማርታን እያሳደግኋት ነው።

ረቡዕ

ምሳ ሰዓት ላይ ስልክ ጠጋኙ ጀማል ጋ ሄድኩ። የስልጤ ልጅ ነው፣ ሲቀላ ገበያው ጥግ። ሱቁ ከአንድ ሰው በላይ ስለማያስገባ ወረፋው ፀሐይ ላይ ነው። ታብሌቱን ገለባብጦ አየና «ይሄን ከየት ቆፍረሽ አወጣሽው?» አለኝ።

የካሜራውን ነገር ነገርኩት። ሲስተሙ ስላረጀ ነው፣ አፕዴት ስታደርጊው ይመለሳል አለ። ከተበላሸስ አልኩት። «አሮጌ አህያ ላይ አዲስ ጭነት ነው» አለ። «ሊሸከመው ይችላል፣ ሊንበረከክም ይችላል። አንዳንዱ የፋብሪካው አርማ ላይ ቆሞ በዚያው ይቀራል። እኔ አልምልልሽም።» ማውረዱ ደግሞ በካርድ አይሞከርም፣ ዋይፋይ ያለበት ሂጂ አለኝ። ፎቶዎቼን ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ።

ከዚያ «ለመሆኑ ካሜራውን ትፈልጊዋለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀላል ጥያቄ ነበር። ፍላሹን በእጄ አገላበጥኩ። ቀና ብሎ አየኝና «አስቢበት እህቴ፣ ፀሐይ ላይ ያሉት ይግቡ» አለ።

ከሰዓት የገረሴው መኪና ገባ። ረዳቱ በመስኮቴ በኩል አንድ ማዳበሪያ አቀበለኝ። «ከእናትሽ ነው። ለአንቺና ለማርታ ብላለች።» ድንች፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቅቤ። ቅቤው ሁለት ቦታ ተጠቅልሏል። አንደኛው የማርታ ነው። ረዳቱ ማርታ ደህና ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አይቷት ሳያውቅ። ደህና ናት፣ ፈተና እያረመች ነው አልኩት። ውሸቱ ሳላስበው መጣ። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ማታ ቆጮውን ጋገርኩ፣ የሽፈራው ቅጠል ቀቀልኩ። የማርታንም ድርሻ የምበላው እኔው ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ሐሙስ

ሌሊቱን ዘነበ። መብራት ከጠፋ ቆየ። ታብሌቱ ግማሽ ባትሪ አለው፣ ስለዚህ አልነካውም። በሻማ ነው የምጽፈው።

ባዘምነው ካሜራው ይከፈታል፣ እማ «ማርታን አሳዪኝ» ትላለች። ስለዚህ ማርታን ከዚህ ቤት የማስወጫ መንገዶች፦

ትዳር። አይሆንም። እማ ሠርግ አልጠራችኝም ብላ ትቀየማለች። ደግሞ ትዕግሥትም ያገባችው ከዚሁ ቤት ወጥታ ነው። «ከአንቺ ጋር የኖረ ሁሉ ያገባል፣ አንቺስ?» ይመጣል።

ጠብ። ይህ የባሰ ነው። እማ ታስታርቀናለች። ለእርቅ ርጥብ ሣር የያዙ ሽማግሌዎች ከገረሴ ታወርድብኛለች፤ ከማን ጋር ሊያስታርቁኝ ነው?

ሞት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አሰብኩት። ለቅሶ ትመጣለች።

ዝውውር። ወደ ካምባ ተመለሰች። ይህ ይሻላል። ግን ከዝውውሩ ቀጥሎ የሚመጣው «አሁንስ ከማን ጋር ትበያለሽ?» ነው። ሌላ ማርታ ልወልድ ነው ማለት ነው።

ባላዘምነውስ? ማርታ በሰላም ትኖራለች፣ የእማን ፊት ግን አላይም። በባለ ቁልፏ ስልክ ድምፅዋን እሰማለሁ። ድምፅ ይበቃል የሚል ሰው እናቱ አጠገቡ ያለችለት ነው።

እማ «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የምትለው ነገር አላት። አንድ ጊዜ ተረቱ እኮ ለስስታም ነው የተተረተው፣ ሰው ለሌለው አይደለም ብዬ ተከራከርኳት። «ሰው የሌለው አለ እንዴ?» አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችው። እሷ ባደገችበት አገር ምግብ ቀርቦ በር አይዘጋም፤ አላፊ አግዳሚው ይጠራል። እኔ የምኖርበት ግቢ አምስት በር አለው፣ አምስቱም ከውስጥ ይቆለፋል። ሁሉም ጨዋ ሰዎች ናቸው። እንደምን አደርሽ ይሉኛል፣ እንደምን አደራችሁ እላለሁ፤ በቃ።

ቀኑን ሙሉ በመስኮቴ የሚያልፈው ሕዝብ ብዛቱ። ወላይታ ሶዶ አንድ፣ ካምባ ሁለት፣ ገረሴ አንድ ከነልጁ። ሁሉም ወደ ሰው ነው የሚሄደው። ትኬቱን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ በጣም ከፍቶኛል። ሌላ ምንም ምክንያት የለውም፣ ብቻዬን ስለሆንኩ ነው።

ዓርብ

ከሰዓት አስፈቅጄ በባጃጅ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ ወጣሁ። ዋይፋይ ያለው ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ አዝዤ ማውረዱን ጀመርኩ። እዚያ ላይ ነፋስ አለ፣ ሲቀላ ያለው ወበቅ የለም። ከታች ጫካው፣ ከዚያ ወዲያ ሐይቆቹ። በየጠረጴዛው ሰው አለ፤ ተማሪዎች፣ ስብሰባ የመጡ የቢሮ ሰዎች፣ ዓሣ የሚጎራረሱ ሙሽሮች።

አስተናጋጇ መጥታ ከፊቴ ያለውን ወንበር ያዘች። «ሰው አለበት? እዚያ ጋ ጎደላቸው» አለች። «አዎ፣ እየመጣች ነው» አልኳት። ማን ናት የምትመጣው? ወንበሩን ለቀቀችና ሄደች። እኔም ለሌለ ሰው ወንበር ይዤ፣ ሌሎቹ ተጨናንቀው ሲቀመጡ እያየሁ ሻዬን ጠጣሁ። ቆይቼ አፈርኩና ራሴ ተነስቼ ወሰድኩላቸው። «አልመጣችም እንዴ?» አለችኝ አስተናጋጇ፣ ከልቧ አዝና። ቀርታለች አልኳት።

ማውረዱ አራት ኩባያ ሻይ ፈጀ። መጨረሻ ላይ «ዝግጁ ነው። አሁን ይጫን?» አለ። በኋላ አልኩት። ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ።

ቅዳሜ

የሥራ ብዛት አይነገርም። ረፋድ ላይ ወደ ገረሴ የምትመለስ ሴትዮ መስኮቴ ሥር ቆመች። የእማ ቸርች ሰው ናት፣ በዓይን አውቃታለሁ። ትኬቷን ቆርጬ ብሰጣትም አልሄደችም። ዝም ብላ ፊቴን ታያለች። ምነው እናቴ አልኳት።

«እናትሽ ልካኝ ነው» አለች። «ወደ አርባ ምንጭ ለሚወርድ ሁሉ ልጄን ደህና አድርጋችሁ እዩዋት ትላለች። ስንመለስ ትጠይቀናለች። ፊቷ እንዴት ነው፣ ዓይኗ እንዴት ነው፣ እያለች። ስለዚህ ደህና አድርጌ ልይሽ።» ከኋላዋ ያለው ወረፋ እየተነጫነጨ እሷ አየችኝ። ጸጉሬን፣ ጉንጬን፣ እጄን። ከዚያ «እሺ» ብላ ሄደች።

ስንት ሰው እንዲህ እያየኝ አልፏል ማለት ነው? እኔ መልስ የሚቆጥሩ መስሎኝ። እማ ልጇን በሰው ዓይን ስትለቅም ከርማለች፣ እኔ ለማርታ ስል ተሸሽጌ።

ከሥራ እንደገባሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ አሁንን ነካሁ።

ታብሌቱ ጠቆረ። አርማው መጣ። ቆመ። ምግብ ሠራሁ፣ አርማው እንደቆመ ነው። ዕቃ አጠብኩ፣ እንደቆመ ነው። ጀማል ያለው ሆነ ብዬ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። በመሀል መብራት ሄደ። ባትሪው ይችል ይሆን? ጌታ ሆይ፣ ይህን አንድ ነገር አልኩ። ለታብሌት ጸልዬ አላውቅም። የሰፈሩ መብራት ተመልሶ ከመጣ በኋላ አንዲት ትንሽ ድምፅ አሰማና «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ካሜራውን ከፈትኩት። መጀመሪያ የታየኝ ራሴ ነኝ። ከስቻለሁ። ማታ ማታ በዚህ ፊት ነው የምኖረው ለካ። ለነገ «ማርታ ወደ ካምባ ተዛውራለች» የሚለውን ደጋግሜ ተለማመድኩት። ጥሩ ይወጣልኛል።

እሑድ

ደወልኩ። አስቴር አነሳችና «ውይ፣ ታየች፣ ታየች» ብላ ስልኩን ወደ እማ አዞረች።

እማ ስልኩን ከአስቴር እጅ ወስዳ ራሷ ያዘችው፤ ይዛ አታውቅም። ግማሽ ግንባሯ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከዚያ በጋሞኛ «ከስተሻል» አለች። ሥራ ነው አልኳት። ጸጉሬን ማን እንደሠራኝ ጠየቀች፣ የሸሚዜ ቁልፍ ለምን እንደወለቀ ጠየቀች። ከዚያ «ማርታ የታለች? አምጫት፣ እሷንም ልያት» አለች።

የተለማመድኩት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። በጨለማ መዋሸት ቀላል ነው ለካ።

«እማ፣ ማርታ የለችም።»

«መቼ ሄደች?»

«መጥታም አታውቅም።»

አስቴር ከጎን ሳቋ አመለጣት። እማ ዞር ብላ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፣ ሳቁ ግን ቆመ። ከኋላዋ ሰው እየተሳሳመ ነበር። ስልኩን ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ያን ሁሉ ቅቤ ማን በላው?» ብላ ነው።

«እኔ።»

«በልተሽ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

ሳቅሁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። «ጠዋት ጠዋት ስሟን እየጠራሁ እጸልይላት ነበር» አለች። «ለልጄ ጓደኛ ስለሆነችልኝ ባርካት እል ነበር።» ይቅርታ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? «እንግዲህ ያ ሁሉ ጸሎት ለአንቺ ይቆጠርልሽ» አለች።

ከዚያ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኩ። «አምጪው» አለች። ታብሌቱን ማሰሮው ላይ አስደግፌ የትናንቱን ድንች በዳጣ አቀረብኩ። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ከጋቢዋ ጫፍ ቆሎ ፈታች፣ ስልኩን ለአስቴር መለሰችና ያዢ አለቻት። እኔ ጎረስኩ፣ እሷ ቆረጠመች። አስቴር እጄ ዛለ አለች፣ በሌላኛው ያዢው ተባለች። አንዴ ሥዕሉ ተቆራረጠና እማ አፏን እንደከፈተች ቀረች፣ ተመለሰች። ታብሌቱ ከበፊቱ ዘግይቷል፤ ይግላልም። እስከ መቼ እንደሚችለኝ አላውቅም።

ልትዘጋ ስትል «በሚመጣው እሑድ ሳትበዪ ጠብቂኝ» አለች።

ተቀይማኝ እንደሆነ አላውቅም። ድምፅዋ የተቀየመ ሰው ድምፅ ነበር፣ ፊቷ ግን እንደዚያ አልነበረም። አስቴር ደግሞ አፏ አይዘጋም፤ ነገ ጠዋት ከገረሴ በሚወርደው መኪና ወሬው አብሮ ይወርዳል። ረዳቱ ስለ ፈተና ማረሙ መጠየቁ አይቀርም። የሚሉትን ይበሉ። ዛሬ ምሳ ከእናቴ ጋር በላሁ።