ገመዱ እስኪረጋ

ዛሬ ሐሙስ፣ ኅዳር ስድስት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ስሜ በዚህ ሰነድ ራስጌ የተጻፈው እኔ ተናዛዥዋ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ሳንባዬ አብቅቶለታል፤ አእምሮዬ ግን በቦታው ነው። ምስክር ሆና የተቀመጠችው ነርስ ትናንት ምን እንደ በላሁ ጠይቃኝ በትክክል መልሼላታለሁ። ማን እንዳስቀየመኝ ብትጠይቀኝ ኖሮ እስካሁንም አልጨርስላትም ነበር።

ጸሐፊው «ቃሉን ላስተካክለው» እያለ አስቸግሮኛል። የቤቱን ነገር እንደ ሕጉ አሳምረህ ጻፈው፣ ልጄ። የዜማዋን ነገር ግን ከአፌ እንደ ወጣ ጻፈው። አንዴ ያሳመሩልኝ ይበቃኛል።

አንደኛ። ባለ ሁለት ክፍል ቤቴን ከነጓዳው፣ ከነቆርቆሮ አጥሩ፣ ለአንዲት ልጄ አውርሻለሁ። የማወርሰው ለእሷ እንጂ ለባሏ አይደለም። ባሏ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ታክሲ ነጂ ነው፣ ሐኪም ቤት ሲያመላልሰኝም አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም። መኪናው ውስጥ ስገባ ያን የእህቴን ልጅ ዘፈን ቶሎ ብሎ ይዘጋልኛል። ጣቱ ግን መሪውን እየመታ ይቀጥላል፤ ራሱም አያውቀውም። እኔ ደግሞ ከኋላ ተቀምጬ ጣቱን አያለሁ።

ቤቱን የምትወርሰው በአንድ ግዴታ ነው። በጀርባ ክፍል ያለችው ጓደኛዬ ቀጮ እስክትሞት ድረስ ማንም አያስወጣት። ቀጮ አሁን እኔንም ልጄንም አታውቀንም፤ ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ትቆምና «ፈረቃችን ደረሰ?» ትላለች። «ገና ነው፣ ግቢ» በሏት። የሠራንበት ቤት ፈርሷል፣ ካቦውም ሞቷል ብላችሁ አታስረዷት። እኔ አንድ ቀን አስረድቻት ቀኑን ሙሉ አልቅሳለች።

ሁለተኛ። ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን ለነርሷ ልሰጥ ነበር። ጸሐፊው «ምስክር አይወርስም» አለኝ። እንግዲህ ምን ላድርግሽ፣ ደግነትሽ ጎዳሽ፤ ዕቃውም ለልጄ ይሁን። ሁለቱንም ያመጣልኝ የእህቴ ልጅ ነው፣ ዘፈኑ የወጣለት ሰሞን። ቴሌቪዥኑን የከፈትኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱ ራሱ ብቅ አለና እየዘለለ ያዜመው ጀመር፤ ዘጋሁት።

ሦስተኛ። ዕዳ የለብኝም። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ምስክር ነው፤ የሰፋልኝን ቀሚስ ዋጋ አምና ከፍዬዋለሁ። መቀበሪያዬ እንዲሆን ያሰፋሁት ነው። በልኬ ሰፍቶት ነበር፣ አሁን ሁለት እኔን ይይዛል።

አራተኛ። ይህን ደህና አድርገህ ጻፍ።

እኔ፣ ታላቅ እህቴና ቀጮ ከልጅነታችን ጀምሮ የቃጫ ገመድ ገማጆች ነበርን። ቤቱ ረጅም ዳስ ነው፤ ከወዲህ ጫፍ ሆነው ሲያዩት ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ፊቱ አይለይም። በአንዱ ጫፍ መንጠቆ ያለው መዘውር አለ፣ አንዷ ተቀምጣ ታዞራለች። ሌሎቻችን ቃጫውን ወገባችን ላይ ጠምጥመን፣ ጫፉን መንጠቆው ላይ አስይዘን፣ እየለቀቅን ወደ ኋላ እንሄዳለን። ፊታችን ወደ መዘውሩ፣ ጀርባችን ወደ ማዶ። እርምጃችን እንዲገጥም እናዜማለን። ዜማዋ ከእናቶቻችን የመጣች ናት፤ እነሱም ከማን እንዳገኟት አልነገሩንም።

«እየሸሸሁ እንኳ ዓይኔ ካንቺው ጋራ፣
ጫፉን ያዢው እንጂ እኔ ምን ልፈራ።»

ማዶ ስንደርስ ዜማዋ ትቆማለች። መዘውሩም ይቆማል። ክረቱ፣ መዘውሩ የጠመዘዘው ማለቴ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ ገመዱ እስኪረጋ ማንም ንቅንቅ አይልም፤ አንዷ ከተነቃነቀች ገመዱ እዚያ ቦታ ላይ ያብጥና ሸክም ሲይዝ ይበጠሳል። ከዚያ የመዘውሯ ሴት አንዴ ታዞራለች፣ ዜማዋም ከቆመችበት ትነሣለች። እንግዲህ ዝምታዋ ጌጥ አልነበረችም። ሥራ ነበረች።

መዘውሩን የምታዞረው እህቴ ነበረች፤ እታለም እላት ነበር። የቃጫው ብናኝ ሳንባዋን በልቶት ወደ ኋላ መራመድ ስላቃታት ካቦው እዚያ አስቀመጣት። አንድ ቀን ማዶ ደረስን፣ ቆምን፣ እሷም መዘውሩን አቆመች። ገመዱ እስኪረጋ ጠበቅን። መዘውሩ አልዞረም። አሁንም ጠበቅን። ሁላችንም ዓይናችን እሷ ላይ ነው፤ አንገቷን ደፍታለች። እያስረጋች መሰለን። ማን ቀድማ ትነቃነቅ? ገመዱ ይበላሻላ! እንደዚያ ቆመን፣ እያየናት፣ እህቴ አለቀች።

ገመዱ እንከን አልወጣለትም። ካቦው በዚያው ቀን ሸጠው።

ከዚያ ወዲያ ዝምታዋን ረዘም አድርገን መያዝ ጀመርን። ማንም ለማንም «እናስረዝማት» አላለችም። ካቦው ይጮህ ነበር፤ ይጩህ። እህቴ ሌላ ሐውልት አልነበራትም። የተወችው የሚጠባ ልጅ ነበር፣ አንሥቼ አሳደግሁት፤ «እማ» የሚለኝም ለዚህ ነው።

አምስተኛ። የእህቴን የመዘውር መንጠቆ፣ ዳሱ ሲፈርስ ለምኜ ያስቀረሁትን ብረት፣ ለዚሁ ለልጇ አውርሻለሁ። ሌላ የእናቱ ነገር የለኝም።

ይህን ልጅ እንዴት እንደምወደው ይህ ጸሐፊ ጽፎ አይዘልቀውም። አንጀቴን የቆረጠውም እሱ ነው። አንድ ቀን እኔና ቀጮ ደጃፍ ተቀምጠን የተቋጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ ስንፈታ ያችን ዜማ እያንጎራጎርን ነበር። ስልኩን መሬት ላይ አኑሮ ቀዳን። «ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት። «ለማስታወሻ ነው፣ እማ» አለኝ። ማስታወሻ! ዓመት ሳይሞላ ዘፈን አድርጎት ከየሱቁ፣ ከየታክሲው፣ ከየሰርጉ ድንኳን ይወጣ ጀመር። እርምጃችንን ሩጫ አድርጎታል። ዝምታዋ ጋ ሲደርስ ፉጨትና ከበሮ አስገብቶ፣ ሰው ሁሉ «አትቁሙ! አትቁሙ!» እያለ ይጮህበታል። እዚያው እኛ የምንቆምበት ቦታ ላይ።

ጠራሁትና «ይህች ቦታ የማን እንደሆነች ታውቃለህ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ነግሬሃለሁ» አልኩት። አልካደም። «እማ ሙች፣ አውቃለሁ። ግን ሰው እየጨፈረ መሃል ላይ ዝም ካልን መብራት የጠፋ ይመስለዋል» አለኝ። ከዚያ ሬዲዮ ላይ «ዜማው የማን ነው?» ሲሉት «የሕዝብ ነው፣ ባለቤት የለውም» ሲል ሰማሁት። ሕዝብ የሚባለው ሰውዬ ዳሳችን ገብቶ ብናኝ ሲቅም አይቼው አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር በኋላ ጸጽቶታል። አምና ታምሜ ስወድቅ እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ «ምን ላድርግልሽ?» አለኝ። «አንዲት ጊዜ ብቻ፣ በሰው ፊት፣ ዝምታዋን መልስልኝ» አልኩት። እሺ አለኝ። ደግፎ ወስዶ ከሚዘፍንበት መድረክ ጎን ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ሰዉ እንደ አሸዋ ነው። ዘፈኑን ጀመረ፣ ቦታዋ ጋ ሲደርስ እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ ከበሮውም ፉጨቱም ጸጥ አለ። እኔም እታለምን አሰብኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወዲያው ያ ሁሉ ሰው ባንድ አፍ «አትቁሙ! አትቁሙ!» ብሎ ጮኸ። ሙዚቀኞቹ ሲጫወቱት ከሚጮኸው ይበልጥ ጮኸ። ደስ ብሏቸዋል፤ ጨዋታ መስሏቸዋል። ልጄ እጁን እንዳነሣ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ፊቱ የሕፃን ፊት ሆነብኝ።

ሲመልሰኝ መንገድ ላይ «እማ፣ አሁን የእኔም አይደለም» አለኝ። እጁን ያዝኩት።

ዛሬ አብሮን የለም፤ ሩቅ አገር ሊጫወት ሄዷል። ያንኑ ዘፈን ነው የጠሩት። አልተቀየምኩትም፣ እንጀራው ነው። አንድ ምክር ግን ልምከረው፦ ብረቷን ግድግዳ ላይ አትስቀላት። ሰው «ምንድን ናት?» ሲልህ ታወራለህ፤ ስታወራ ደግሞ ዜማ ያወጡላታል። ሣጥን ውስጥ አኑራት።

ስድስተኛ። ሥርዓተ ቀብሬን በተመለከተ፦ ከመቃብሬ አፍ ላይ ቀጮ ያችን ዜማ በእርምጃዋ፣ በዝግታዋ፣ ከነዝምታዋ እንድታዜምልኝ አዝዣለሁ። ቀጮ ሁሉን ረስታለች፤ ይህችን ግን አልረሳችም ብዬ ነው። ከገመድ ገማጆቹ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ጸሐፊው «አእምሮዋ ያልጸና ሰው ምስክር አይሆንም» ይለኛል። ለቤቱ አትሁን፤ ለዜማዋ ግን ከእሷ ሌላ ምስክር ከየት ላምጣ? ልጄ ደግፋ አምጥታ አልጋዬ ላይ አስቀመጠቻት። ሌሎቻችሁም ስሙ፣ ስትቀብሩኝ ታውቁታላችሁ።

(በዚህ ጊዜ ተናዛዥዋ ዜማውን አሰምተዋል። ጓደኛቸውም ተቀብለዋቸዋል። ጸሐፊ።)

ጻፍ። ምን ያቅማማሃል? የሆነውን ጻፍ።

ቀጮ ስንኟን አንድ ሳታጎድል አዜመች። ድምጿ እንኳ የድሮው ድምጿ ነበር፤ ነርሷ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ። ማዶ ደረስን፣ ቆምን። ቀጮ ዓይኔን አየችኝ፣ ድዷ እስኪታይ ሳቀችና እያጨበጨበች «አትቁሙ! አትቁሙ!» አለች።

ማንም አልሳቀም። ልጄ «እማዬ፣ እስቲ እንደገና ሞክሩት» አለች፤ ልቤ ሲሰበር ታውቋታል። እንደገና ጀመርን። ቀጮ አሁንም አጨበጨበች፣ እንዲያውም ትከሻዋን ነቅንቃ «ፈረቃችን ደረሰ?» አለችኝ። ከየት ተማረችው አትበሉኝ። መንገዱ ሁሉ እሱን ሲል ይውላል፣ በመስኮቷ ይገባል። ያኛው ከጭንቅላቷ ሲወጣ ይኼኛው ገባ። እሷን ምን እላታለሁ? ደስ ብሏታል።

ወደ ክፍሏ መለሷትና ብቻዬን ሞከርኩት። አፌን ዘግቼ፣ ለራሴ። ዝምታዋ ጋ ደርሼ ቆምኩ። የድሮው፣ የመዘውሩ እንጨት ሲበርድ የሚያሰማት ድምፅ ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ የእታለምንም ሳል። የመጣው ያ ሁሉ ሰው ነው፤ «አትቁሙ! አትቁሙ!» ይላል፣ እዚሁ ጆሮዬ ውስጥ። እኔም እግሬ ከብርድ ልብሱ ሥር ተነቃነቀ። አየሁት እኮ! የገዛ እግሬ ነው።

እንግዲህ ስድስተኛውን ቃሌን ሽሬዋለሁ። ያች ዜማ በቀብሬ ላይ አትዜም፤ በዝግታም በሩጫም። ማንም አፉን አይክፈትብኝ። አፈሩን መልሳችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ልጄ «ለምን አንቺ አታስተምሪንም?» ትለኛለች፣ አሁን፣ እያለቀሰች። ምኑን ላስተምር፣ የኔ ዓለም? ስንኙን ታውቂዋለሽ። የቀረችው ዝምታዋ ነበረች፤ እሷ ደግሞ እኔም ጋ የለችም።

ሰባተኛ። ጸሐፊ ልጄ፣ እዚህ ላይ አንድ መስመር ባዶ ተውልኝ። ምንም አትጻፍበት፣ የእታለም ነው። የትም ቦታ አልቀረላትም፤ እዚህ ወረቀት ላይ እንኳ አንዲት መስመር ዝም ይባልላት። ልጇ መጥቶ ኑዛዜውን ሲያነብ እዚያ ሲደርስ ይቁም። የምለምነው ይህንኑ ብቻ ነው።

— — — — — — — — — — — — — — — —

ቃሌ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በፊት የተናገርኩት ሌላ ኑዛዜ ካለ ይህ ሽሮታል። ጸሐፊው አንብቦልኝ፣ የእኔው ቃል መሆኑን አውቄ፣ ብዕር መያዝ ስላቃተኝ የቀኝ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ።

የተናዛዥዋ አሻራ

ምስክሮች፦ እኛ ስማችን ከዚህ ቀጥሎ የተመለከተው ተናዛዥዋ ቃላቸውን በሙሉ አእምሮ ሲሰጡ፣ ሲነበብላቸውና አሻራቸውን ሲያኖሩ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነን ያየንና የሰማን ስለሆንን ፈርመናል።

ልብስ ሰፊው ጎረቤት — ፊርማ
ጡረታ የወጣችው ነርስ — ፊርማ
ማዶ ያለው ጫማ ሠሪ — ፊርማ

የጸሐፊው ማረጋገጫ፦ ይህን ኑዛዜ ከተናዛዥዋ አንደበት እንደ ሰማሁ ጽፌአለሁ። ስድስተኛው ቃል በተናዛዥዋ ፈቃድ የተሻረ ነው። በሰባተኛው ቃል ሥር ባዶ እንዲተው ያዘዙት መስመር፣ ወደ ፊት ማንም ያልተባለ ቃል እንዳይጨምርበት፣ ሕጋዊ ሰነድ ላይ ባዶ ቦታ መተው ስለማይፈቀድ፣ በሰረዝ ሞልቼዋለሁ።